ምዕራፍ ሰባት፦ የቤት ስንክሳር

ከኦስሎ ከተማ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ ሸለቆው ወደ ጫካው ሽቅብ በሚወጣበት አፋፍ ላይ፣ ግሮሩድ በሚባለው ሰፈር በሦስተኛው ፎቅ ባለው ቤታችን፣ ከወጥ ቤቱ በር ጎን ሁለት የቀን መቁጠሪያዎች ተሰቅለው ይኖራሉ። አንደኛው በየመስከረሙ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የምንገዛው፣ የቅዱሳን ሥዕል ያለበትና አጽዋማቱን በቀይ ቀለም የሚያሳየው ሲሆን፣ ሁለተኛው ልጆቹ የዋና ትምህርታቸውን፣ የጥርስ ሐኪም ቀጠሯቸውንና የጓደኞቻቸውን ልደት በእርሳስ የሚጽፉበት የኖርዌይ መቁጠሪያ ነው። እነዚህ ሁለቱ፣ በአንድ ደረጃ እየወጡና እየወረዱ ሰላምታ እንደማይሰጣጡ ጎረቤታሞች፣ ለብዙ ዓመታት ሳይነጋገሩ ኖሩ፤ ያነጋገራቸውም የልጄ ክስ ነው።

በአንድ የካቲት ማታ፣ ያን ጊዜ ዐሥራ አንደኛ ዓመቷን ይዛ የነበረችው ታላቂቱ ልጄ ከመጽሐፏ ቀና ብላ፣ «አባዬ፣ ዓድዋን የምታከብረው በማይሆን ቀን ነው» አለችኝ። መጽሐፉ ጦርነቱ የተደረገው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ማርች 1 ቀን 1896 ነው ይላል፤ እኔ ግን በየዓመቱ ማርች 2 ቀን ጋቢዬን ደርቤ፣ ቡና አስፈልቼ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ ስለ ምኒልክና ስለ ጣይቱ ንግግር የማደርግ ሰው ነኝ። «የካቲት 23 ነው፤ አለቀ!» አልኋት። ይህን የመሰለውን መልስ እኔ ራሴ በደብረ ማርቆስ ተማሪ ቤት ስቀበለው ያደግሁት በመሆኑ ከአፌ ለመውጣት ጊዜ አልፈጀበትም፤ ልጅቱ ግን እጆቿን አጣጥፋ ቆመች፤ በኖርዌይ ተማሪ ቤት ያደገ ልጅ «አለቀ» በሚል ቃል ነገር እንደማያልቅ የተማረ ነውና።

እንግዲህ እርሳስ አንሥተን ተቀመጥን። ነገሩ ሲመረመርም ከሳሽም ተከሳሽም ሁለቱም እውነተኞች ሆነው ተገኙ። የጎርጎርዮስ አቆጣጠር በየአራት ዓመቱ ለፌብሩዋሪ አንዲት ቀን ቢጨምርም፣ መቶኛው ዓመት ሲሞላና ዓመቱም ለ400 የማይካፈል ሲሆን ያችን ቀን ይተዋታል፤ ባሕረ ሐሳብን ያቈዩልን ሊቃውንት ግን ዘመነ ሉቃስ በመጣ ቍጥር ጳጉሜንን ያለ አንዳች ማወላወል ስድስት ያደርጓታል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1900 ፈረንጆቹ አንዲት ቀን ሲዘልሉ እኛ ሳንዘል ቀረን፤ እስከዚያ ድረስ ከማርች 1 ጋር ይውል የነበረው የካቲት 23 ከዚያ ወዲህ ከማርች 2 ጋር ይውል ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2100 ሌላ ቀን ይዘልላሉ፤ ያን ጊዜ የዓድዋ በዓል ወደ ማርች 3 ይሻገራል። ልጄ በጣቷ ቈጥራ፣ እግዚአብሔር ዕድሜ ከሰጣት ያን ቀን ከሰማንያ ያለፈች ባልቴት ሆና እንደምታየው ስትረዳ ፊቷ ሌላ ሆነ፤ የአባቷ የነበረው በዓል በዚያች ሰዓት የራሷ ቀጠሮ ሆነ። ከዚያም የመልሱን ፍላጻ ወደ ኖርዌጂያኖቹ አዞርነው፤ ሕገ መንግሥታቸውን በኤድስቮል የፈረሙባት ሜይ 17 ቀን 1814 በእኛ ስትቈጠር ግንቦት 10 ቀን 1806 ዓ.ም. ነበረች፤ ዛሬ የሚያከብሯት ሜይ 17 ግን ግንቦት 9 ላይ ትውላለች። በእኛ መቁጠሪያ ፊት ቢቀርቡ እነርሱም አንድ ቀን ይሳሳታሉ ማለት ነው። ልጅቱ ይህን ስትሰማ ክሷን አነሣች።

ይህን ትንሽ ነገር በዚህ ምዕራፍ መግቢያ ያስቀደምሁት፣ ልጆቼን ታሪክ ለማስወደድ ዓመታት ሙሉ ስደክም ያላገኘሁትን መንገድ ያሳየኝ እርሱ ስለሆነ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ዘዴዬ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ስብከት ነበር። ከአክሱም ተነሥቼ፣ በላሊበላ ዐርፌ፣ በጎንደር በኩል መቅደላ ሳልደርስ ትንሹ ልጄ ወንበሩ ላይ ይተኛል፤ ታላቂቱም ውኃ ለመጠጣት ትነሣና ሳትመለስ ትቀራለች። ታሪክን በነገሥታት ዘመን ሰንሰለት አያይዞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መተረክ ለትልቅ ሰው የተገባ ሥርዓት ሊሆን ይችላል፤ ሕፃን ግን በሰንሰለት አይኖርም፤ ሕፃን የሚኖረው በቀን ነው። «ዛሬ ምንድን ነው?» ብሎ ይነሣል እንጂ «የምንገኘው በየትኛው ዘመነ መንግሥት ነው?» ብሎ አይነሣም።

አባቶቻችን ይህን ዐውቀውታል። ስንክሳር የተባለው መጽሐፍ የተሠራው በዘመናት ቅደም ተከተል ሳይሆን በቀናት ቅደም ተከተል ነው፤ ከመስከረም አንድ ጀምሮ ጳጉሜን እስኪፈጸም ድረስ፣ ለእያንዳንዷ ዕለት በዚያች ዕለት የተወለደውን፣ ያረፈውን፣ ሰማዕትነት የተቀበለውን ያስነብባል፤ በአንድ ገጽ ላይ በመካከላቸው ስምንት መቶ ዓመት ያለባቸው ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ግብፃዊ አንዱ ሸዌ፣ በአንድ ቀን ስለታሰቡ ብቻ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ንባቡም አጭር ነው፤ ሲያበቃም አርኬ በሚባል አጭር ግጥም ይታሰራል፤ ቄሰ ገበዙም ሆነ ወተት ተሸክሞ የመጣው ሕፃን እኩል ይሰሙታል። ይልቁንም ለስደተኛ ቤተሰብ የሚስማማ ሌላ ጠባይ አለው፤ መጽሐፉ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰ ሆኖ ሳለ፣ ሀገራችን ከተቀበለችው በኋላ የራሷን ጻድቃንና የራሷን ነገሥታት ጨምራ የራሷ አድርጋዋለች። ከውጭ የመጣ መጽሐፍ የቤት ስም እንዲህ ከተጻፈበት፣ ከቤት ወጥተው ውጭ የሚኖሩ ሰዎችስ ስለ ምን ይህንኑ አያደርጉም?

ስለዚህ ባለ ወፍራም ልባስ ደብተር ገዛን። ልጄ ለእያንዳንዱ ወር ሠላሳ መስመር አሰመረች፤ ለጳጉሜን ስድስት መስመር ብቻ ሰጠቻት፤ ከስድስቱም አንዷን፣ በየአራት ዓመቱ የምትመጣይቱን፣ በነጠብጣብ አደረገቻት። ወንድሟ የሥዕል ሹም ሆኖ ተሾመ፤ የመጀመሪያው ሥራውም በየካቲት 23 መስመር ጫፍ ላይ ፈረስ መሳል ነበር፤ ፈረሱ ውሻ ይመስላል፤ ቢሆንም ነጭ ነውና የጊዮርጊስ መሆኑን ማንም አይስትም፤ ያች ዕለት ወር በገባ በ23 የምትውለው የጊዮርጊስ ቀን መሆኗን ሲያውቅ ራሱ ያመጣው ሐሳብ ነው። ሕጉ ጥቂት ነው። የሚጽፈው የሚተርከው ሰው አይደለም፤ ልጅ ጽሕፈቱን ሲይዝ ተራኪው ቀስ ብሎ እንዲናገር ይገደዳልና። አንድ ነገር ከአራት መስመር አይበልጥም። የሚጻፈውም እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በአቦልና በቶና መካከል ነው፤ ቡናው ሲቈላ የጭስ ማስጠንቀቂያው ደወል መጮኹ ስለማይቀር፣ ወንድ ልጄ ወንበር ላይ ቆሞ በፎጣ ሲያራግብለት እኅቱ ደብተሩን ታወጣለች። የደወሉ ጩኸት በቤታችን እንደ ቃጭል ሆኗል።

መጀመሪያ የገቡት የልደት ቀኖች ናቸው። የልጆቹን ለመጻፍ ችግር አልነበረም፤ ሁለቱም በኦስሎ ሆስፒታል ስለተወለዱ ሰዓቱና ክብደቱ ሳይቀር በወረቀት ሰፍሯል፤ እኛ የጨመርነው የክርስትናቸውን ቀን፣ ለወንዱ በ40 ለሴቷ በ80 የተቈጠረውን፣ ከክርስትና ስማቸው ጋር ነው። ልጄ በዚህ ላይ፣ ወንድሟ ለምን በግማሽ ጊዜ እንደ ተጠመቀ ጠየቀች፤ ኦሪት ዘሌዋውያንን ገልጬ ስለ አርባውና ሰማንያው የመንጻት ቀን አነበብሁላት፤ መልሱ ደስ እንዳላሰኛት ግን አልሸሽግም፤ በደብተሩ ጠርዝ ላይ የጥያቄ ምልክት አኑራለች፤ ምልክቱም እስካሁን አልተፋቀም።

ችግሩ የእኔ ልደት ነበር። በወረቀቴ ላይ ልደቴ ጃንዋሪ 1 ነው፤ በስደት የሚኖር ኢትዮጵያዊ ይህን ሲያነብ ፈገግ ይላል፤ እንደ እኔ ያሉ ባለ ጃንዋሪ 1 ልደተኞች ብዙዎች ናቸውና። ቀኑን የጻፈው ጸሓፊ የጠየቀኝን ሳልረዳ፣ እኔም የመለስሁትን ሳይረዳ፣ ባዶ ቦታ ከሚቀር ብሎ ያኖረው ነው። ልጆቹ ወደ ደብረ ማርቆስ ስልክ ደውለው አያታቸውን፣ እምዬን፣ ጠየቁ። ልጄ እምዬን «አንቺ» ስትላት ሰምቼ በጥፍሬ ቆምሁ፤ ኖርዌጂያኖች በሚናገሩት ቋንቋ ትልቁም ትንሹም በዕለት ተዕለት ንግግር አንድ ዓይነት «አንተ» ስለሆኑ፣ «እርስዎ» ማለትን እንደ ባዕድ ልብስ ትለብሰዋለች፤ እምዬ ግን ስቃ አለፈችውና፣ «አባትሽማ ንጉሡ በወረዱ በሳምንቱ ተወለደ» አለች።

አንዳንድ ሰው ይህን ዓይነቱን አነጋገር ካለማወቅ ይቈጥረዋል። እኔ ከጥበብ እቈጥረዋለሁ። የእናቶቻችን የትዝታ ቀመር ቍጥርን ሳይሆን ድንጋጤን የሚይዝ ነው፤ «የክፉ ቀን ዘመን»፣ «ጣልያን የገባ ዓመት»፣ «አንበጣ የወረደ ክረምት» ሲሉ፣ የቤታቸውን ልጅ ከሀገር ታሪክ ጋር ያለ ገመድ ያስሩታል። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ ከቤተ መንግሥታቸውም በትንሽ ቮልስዋገን ተወስደዋል። በሳምንቱ ማለት መስከረም 9 ነው፤ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 19 ቀን 1974። ልጆቹ የአንድ አሮጊትን አንዲት ዓረፍተ ነገር ይዘው፣ አብዮትን ፈልገው፣ ቮልስዋገኑን አግኝተው፣ የአባታቸውን ልደት በመዳፋቸው ይዘው ተመለሱ። ወረቀቱን ለማስለወጥ አልሞከርሁም። በመስከረም ዳቦ ይደፋልኛል፤ በጃንዋሪ 1 ደግሞ ስልኬ ላይ የባንኬ የእንኳን አደረሰህ መልእክት ይመጣል።

ከዚያ በኋላ የዘር ቈጠራው ተከተለ፤ ለእርሱም ምክንያት የሆነው ከተማሪ ቤት የመጣ ወረቀት ነው። በወረቀቱ ላይ ዛፍ ተሥሎ፣ በየቅርንጫፉ ስም የሚጻፍበት ሳጥን ተሰጥቶ፣ ከግንዱ ላይ «የቤተሰብ ስም» የሚል ባዶ ቦታ ነበረው። ልጄ ግራ ተጋባች፤ የእርሷ ሁለተኛ ስም የእኔ ስም ነው፤ የእኔ ሁለተኛ ስም የአባቴ ነው፤ የእናቷ ሁለተኛ ስም ሌላ ነው፤ ታዲያ ከግንዱ ላይ የማን ይጻፍ? መልሱን ያመጡልን በታችኛው ፎቅ የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን ናቸው። «እኛም እንደ እናንተ ነበርን» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ የኖርዌይ ገበሬ ልጅ በአባቱ ስም ላይ ወንድ ቢሆን «ሰን»፣ ሴት ብትሆን «ዳተር» ተጨምሮ ይጠራ ነበር፤ ከዚያም የሚኖርበት እርሻ ስም ይከተላል፤ እርሻ ሲለውጥ ስሙም ይለወጣል። ይህን ያስቀረውና ቤተሰብ ሁሉ አንድ የሚወረስ ስም እንዲይዝ ያዘዘው እ.ኤ.አ. የ1923ቱ የስም ሕግ ነው። ግሮሩድና አመሩድ የሚባሉት የሰፈራችን ስሞችም የእርሻ ስሞች ናቸው፤ በስተ መጨረሻቸው የሚሰማው «ሩድ» ጫካ ተመንጥሮ የተገኘ መሬት ማለት ሲሆን፣ ጎጃም ቢሆን ኖሮ «ምንጣሮ» ብለን እንጠራው ነበር።

አሮጊቷ በኮምፒዩተራቸው የኖርዌይን ብሔራዊ መዛግብት ከፍተው የቅድመ አያታቸውን ጥምቀት በቄሱ እጅ ተጽፎ አሳዩን፤ ከዚያም እ.ኤ.አ. የ1910ሩን የሕዝብ ቈጠራ፤ የሕዝብ ቈጠራው መዝገብ መቶ ዓመት ሲሞላው ለማንም ስለሚከፈት ነው። ልጄ ወዲያው «የእኛንስ ክፈት» አለችኝ። የእኛ የመጀመሪያው አገር አቀፍ የሕዝብ ቈጠራ የተደረገው በ1976 ዓ.ም. ሲሆን፣ ልደትና ሞት በመላው አገር በመንግሥት መዝገብ መስፈር የጀመሩትም በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። የእኛ መዝገብ ቤት በአንዳንድ ቤት የዳዊት መጽሐፍ ጠርዝ ነው፤ በብዙው ቤት ደግሞ የሽማግሌ አፍ ነው፤ መቶ ዓመት ሲሞላው የማይከፈት፣ ይልቁንም ከዚያ በፊት የሚዘጋ። ለጋብቻ ሲባል እስከ ሰባት ቤት መቁጠር ግዴታ ስለነበረ ግን አባቴ ሰባቱን በልጅነቴ አስጠንቶኝ ነበር፤ ወንድ ልጄም በየደረጃው ማረፊያ ላይ አንድ ስም እየጠራ ከምድር ቤት እስከ ቤታችን ሲወጣ በሁለት ቀን አጠናው። እኅቱ አዳምጣ ስታበቃ፣ «ሁሉም ወንዶች ናቸው፤ የወለዷቸው ሴቶች የት ሄዱ?» አለች። መልስ አልነበረኝም። እምዬ ተጠየቀች፤ የእናቷን፣ የአያቷን፣ የቅድመ አያቷን ስም ሰጠችን፤ ከዚያ በላይ ያለውን ስትፈልግ ስልኩ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የዶሮ ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። በደብተሩ ላይ የሴቶቹ ዓምድ ሦስት ስምና አራት ባዶ ሳጥን ይዞ ይኖራል፤ ባዶዎቹን እንድትሰርዝ አልፈቀድሁላትም፤ እርሷም ለመሰረዝ አላሰበችም።

ደብተሩ ከቤት እንዲወጣ ያደረገው የግሮሩድ ቤተ ክርስቲያን ግንብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 የተሠራው ይህ ሕንፃ የታነጸው ከዚሁ ከኮረብታው በወጣ ጥርብ ድንጋይ ሲሆን፣ የዚህ አገር ድንጋይ ጠራቢዎች ብዙዎቹ ከስዊድን ለሥራ የመጡ ስደተኞች ነበሩ። ግሮሩድ በዚያን ጊዜ ገጠር ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1854 የተከፈተው የኖርዌይ የመጀመሪያው የባቡር ሐዲድ በሸለቆዋ ያልፋል፤ ከኦስሎ ጋር የተቀላቀለችው ግን እ.ኤ.አ. በ1948፣ የምድር ውስጥ ባቡሩም የደረሰላት በ1966 ነው። ይህን ሁሉ ለልጆች መንገር ቀላል ነው፤ ሆኖም ያስደነቃቸው የድንጋዩ ልደት ነው። ከሦስት መቶ ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የኦስሎ ምድር ልትሰነጠቅ ሞክራ ነበር፤ መሬቷ ወረደ፣ እሳተ ገሞራ ተነሣ፣ ቀልጦ የወጣውም በጥልቅ ቀዝቅዞ ይህን ድንጋይ ሆነ፤ ስንጥቁ ግን ሳይፈጸም ቀረ። ቫልደማር ክሪስቶፈር ብረገር የተባለው የኖርዌይ ሊቀ ሥነ ምድር ከዚህ የድንጋይ ቤተሰብ አንዱን በዚህች መንደር ስም «ግሮሩዲት» ብሎ ሰይሞታል። እዚህ ሳይፈጸም የቀረው ነገር በእኛ ስምጥ ሸለቆ ዛሬም በመፈጸም ላይ ነው፤ በ1998 ዓ.ም. መስከረም በአፋር፣ በዳባሁ አጠገብ፣ መሬት 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው መሥመር ተከፍታ፣ በአንዳንድ ቦታ እስከ ስምንት ሜትር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተራርቃለች። ወንድ ልጄ ጓንቱን አውልቆ መዳፉን በቀዝቃዛው ግንብ ላይ አኑሮ፣ «እንግዲያው ይህ የአፋር ታላቅ ወንድም ነው» አለ። የሥነ ምድር ሊቅ ቢሰማው በዝምድናው አቈጣጠር ሊከራከር ይችላል፤ እኔ ግን ከዚያ የተሻለ አርኬ አላውቅም።

ሚያዝያ ስንደርስ አንድ ነገር ራሱን ገለጠ። ጣልያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ በድል የተመለሱባትም፣ ልክ በአምስት ዓመቱ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ናት። ጀርመን ኖርዌይን የወረረው ሚያዝያ 1 ቀን 1932 ዓ.ም. ነው፤ ንጉሥ ሆኮን ሰባተኛ ከትሮምሶ በመርከብ አገራቸውን ለቀው የወጡት ግንቦት 30 ነው፤ የተመለሱትም ልክ በአምስት ዓመቱ፣ ግንቦት 30 ቀን 1937። ሁለት ነገሥታት፣ ሁለት ስደት፣ እያንዳንዱ አምስት ዓመት፤ የሁለቱም ማረፊያ እንግሊዝ አገር። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በጁን 1940 አንደኛው ወደ እንግሊዝ ሲገቡ፣ ሌላው በዚያው ወር መጨረሻ በካርቱም በኩል ወደ አገራቸው ለመግባት ከእንግሊዝ ተነሡ። በ1947 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ኖርዌይን በጎበኙ ጊዜ የተቀበሏቸው እኚሁ አረጋዊ ንጉሥ ነበሩ። አያቴ ደግሞ መጋቢት 28 ቀን 1933 ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ሲገቡ በዐሥራ ሦስት ዓመቷ ከሕዝቡ መካከል ቆማ አይታቸዋለች፤ ሁልጊዜ ስትተርከው ግን ስለ ንጉሡ የምትናገረው ጥቂት ነው፤ ያን ቀን አዲስ ነጠላዋን በሕዝቡ ግፊያ መካከል እንዳጠፋች፣ እናቷም እንደ ገረፈቻት ነው ዋናው ነገር። ልጆቹ ይህን ሲጽፉ ነጠላውን በመጀመሪያው መስመር፣ ንጉሡን በአራተኛው አደረጉ። ለማረም እጄን ዘርግቼ መልሼ ሰበሰብሁት።

ግንቦት 9፣ ኖርዌጂያኖቹ «ሲተንደ ማይ» የሚሏት የሜይ 17 በዓል፣ ለሰፈራችን ልጆች ከገና ይበልጣል። በዛሬው ኦስሎ፣ ያን ጊዜ ክሪስቲያንያ ትባል በነበረችው ከተማ፣ የተማሪ ልጆች ሰልፍ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1870 በደራሲው ብዮርንስቲየርነ ብዮርንሰን ሐሳብ ነው፤ ሴቶች ልጆች የገቡበት በ1889 ነው። ወታደርና መድፍ ሳይሆን ባንዲራ የያዙ ሕፃናት በቤተ መንግሥት ፊት የሚያልፉበት የነጻነት በዓል ማየት፣ እንደ እኔ በሰልፍ ሜዳ ቆሞ ፀሐይ ለበረታበት ሰው፣ ትንሽ ያስቀናል። ልጄ በሐበሻ ቀሚስ ትሰለፋለች፤ በየዓመቱም ከቀሚሱ በላይ ስለሚለበሰው የክረምት ጃኬት ከእናቷ ጋር ትጣላለች፤ ይህም በደብተሩ ገብቷል፤ ሦስት ጊዜ፣ በሦስት ዓመት። እናታቸው በበኩሏ ለዚያው ወር ያዋጣችው ግንቦት 29ን ነው፤ በ2000 ዓ.ም. በዚያች ማታ በቢስሌት ስታዲየም ጥሩነሽ ዲባባ 5,000 ሜትሩን በ14 ደቂቃ ከ11.15 ሰኮንድ ሮጣ የዓለምን ክብረ ወሰን ስትሰብር፣ እርሷ ገና ከመጣች ዓመት ያልሞላት፣ ማንንም የማታውቅ፣ በመጨረሻው ተርታ ቆማ ድምፅዋ እስኪዘጋ ጮኻ ነበር። «ከመጣሁ ጀምሮ እንደዚያ ጮክ ብዬ አማርኛ ተናግሬ አላውቅም ነበር» ብላ አስጻፈቻቸው።

በአሜሪካ በኢሞሪ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩ ማርሻል ዱክና ሮቢን ፊቩሽ የተባሉ የሥነ ልቡና ሊቃውንት፣ ከሃያ ዓመታት በፊት ለልጆች ሃያ ጥያቄ አቅርበው ነበር፤ ወላጆችህ እንዴት እንደ ተገናኙ ታውቃለህ? እናትህ የት እንዳደገች ታውቃለህ? የሚል ዓይነት ነው። ብዙውን የሚያውቁት ልጆች በራሳቸው የሚተማመኑና በሕይወታቸው ላይ ሥልጣን ያላቸው መስሎ የሚሰማቸው ሆነው ተገኙ። ይህን የሰማ ወላጅ ሃያውን መልስ በአንድ ቅዳሜ ለማስጠናት ይነሣ ይሆናል፤ ሊቃውንቱ ራሳቸው ግን የሚጠቅመው መልሱ ሳይሆን፣ መልሱ በብዙ ማዕድ፣ በብዙ ጉዞ፣ በብዙ አፍ እየተመላለሰ ወደ ልጁ የደረሰበት መንገድ መሆኑን አስጠንቅቀዋል። ከዚያም ጨምረው፣ ከፍታን ብቻ ወይም ውድቀትን ብቻ ከሚነግር ቤት ይልቅ፣ ወጣን ወረድን ብሎ የሚነግር ቤት ልጁን ያጸናዋል ይላሉ።

ውድቀቱን መንገር ከባድ ነው። የካቲት 12 ከየካቲት 23 በፊት ይመጣልና፣ በደብተሩ ላይ ከፈረሱ ዐሥራ አንድ መስመር ከፍ ብሎ ይገኛል፤ በ1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስለ ተፈጀው ሕዝብ ለሕፃን ምን ያህል ይነገራል? ለረጅም ጊዜ ባዶ ተውሁት። መንገዱን የከፈተልኝ የኦስሎ ጎዳና ነው፤ በከተማው ውስጥ በአንዳንድ ቤት ደጃፍ፣ ከመርገጫው ድንጋይ መካከል፣ ስምና ዓመተ ምሕረት የተቀረጸባቸው ትናንሽ የነሐስ ሰሌዳዎች ተተክለዋል፤ ከዚያ ቤት ተወስደው ያልተመለሱ አይሁዳውያን መታሰቢያ ናቸው፤ ኅዳር 17 ቀን 1935 ዓ.ም. ዶናው በተባለችው መርከብ ከ500 በላይ የሆኑት ከኦስሎ ወደብ ተጭነዋል። ልጄ በአንዱ ሰሌዳ ላይ ጎንበስ ብላ ዕድሜውን ቀንሳ፣ በእርሷ ዕድሜ የነበረ ልጅ መሆኑን አገኘች። በዚያው ቆመን የየካቲት 12ን ነገር ነገርኋት። የጻፈችው አንድ መስመር ነው፤ ወንድሟም ምንም አልሣለበትም።

ደብተሩ አሁን ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። መስከረምና የካቲት ሞልተው በጠርዙ ይጻፍባቸዋል፤ ነሐሴ ከሞላ ጎደል ባዶ ነው፤ የእኛ ቤተሰብ በክረምት ምንም የማይደርስበት ይመስላል። ጳጉሜን ግን ፈጽማ ባዶ ነበረች፤ አምስቱ መስመርና ባለ ነጠብጣቧ። ይህ ልጄን አሳዘናት፤ «ይህን ያህል ሰው ወልደን አንድም በጳጉሜን አልተወለደም?» አለች። እምዬ እንደ ገና ተጠየቀች። የተወለደም፣ የተዳረም፣ የሞተም የለም። «በጳጉሜን ሦስት ግን አባትሽ እርቃኑን ሆኖ በሩፋኤል ዝናብ ሲሮጥ የቄሱን ማሰሮ ሰበረ» አለች። ልጆቹ ለረጅም ጊዜ ሳቁ፤ ከዚያም ያ ዝናብ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ በሩፋኤል ቀን የሚወርደው ዝናብ የተባረከ ስለሆነ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ወጥቶ እንደሚታጠብበት ነገርኋቸው።

ጳጉሜን 3 በኖርዌይ መቁጠሪያ ሴፕቴምበር 8 ነው። ባለፈው ዓመት ያች ቀን ስትደርስ ከጠዋት ጀምሮ ከሊሎማርካ ጫካ በኩል ደመናው ጠቍሮ ነበር፤ ከተማሪ ቤት ሲመለሱ ወረደ። ልጆቹ ቦርሳቸውን በደረጃው ሥር ጥለው፣ ጫማና ካልሲያቸውን አውልቀው፣ ከፎቆቹ መካከል ባለው ሣር ላይ ወጡ። ዝናቡ የመስከረም ዋዜማ ዝናብ አይደለም፤ ብርዱ አጥንት ይነካል። በታችኛው ፎቅ የሚኖሩት አሮጊት መስኮታቸውን ከፍተው ልጆቹ ምን እንደ ሆኑ ጠየቁኝ፤ እኔም ጃንጥላ ይዤ ከደጁ ቆሜ በተሰባበረ ኖርዌጂያን ስለ ሊቀ መላእክት ሩፋኤል ለማስረዳት ሞከርሁ። አዳመጡኝ፤ መስኮቱን ዘጉ፤ ትንሽ ቆይተው ሁለት ፎጣ ይዘው ወረዱ።

ማታ ልጄ እጇ ገና እየተንቀጠቀጠ የጳጉሜንን ሦስተኛ መስመር ጻፈች፦ «ሩፋኤል። ሴፕቴምበር 8። ግሮሩድ። ዘነበ። ማሰሮ አልተሰበረም።»